እማማ ባፈናና ጥቁሩ ማይክ

«ምን አለ?» አሉ እማማ ባፈና።

አቢጋኤል ስክሪኑን አየች። ዓይኗን ጨፍና ገለጠችና እንደገና አየች። አያቷ የተናገሩት አጭር ነገር አልነበረም። ከአዲሱ የኮብልስቶን መንገድ ተነስተው፣ በውሃ መውረጃው ቦይ አልፈው፣ እስከ እንሰታቸው ሥር ድረስ ወርደው ነበር። ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን «ውሃ» የሚል አንድ ቃል ነው፤ ከዚያ «ሰው ሰው» ይላል፤ ከዚያ ባዶ።

«ትንሽ ቀርቶታል» አለች።

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ትንሽ... ብዙ ነው፣ እማማ።»

ከጎኗ የተቀመጠው ፍሬው ሳቁን ለመደበቅ አፉን በሹራቡ እጅጌ ሸፈነ። ፍሬው የክፍል ጓደኛዋም የአጥር ጎረቤቷም ነው። አባቱ ከደብረ ማርቆስ ተዛውረው የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። እሱ ሆሳዕና ተወልዶ ሆሳዕና አደገ፤ ሀዲይኛው ግን እስከ ዛሬ ከሰላምታ አላለፈም። ስለ ኮምፒዩተር የማያውቀው ነገር የለም ይባላል። የሚለው ራሱ ነው።

«እስኪ ጮክ ይበሉ፣ እማማ» አለ።

«ከዚህ በላይ ከጮህኩ ሌሞ ያሉት ዘመዶቼ ‹ማን ሞተ?› ብለው ይመጣሉ።»

ቢሆንም ጮክ አሉ። ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ ቃል በቃል እየቆረጡ እንደገና ተናገሩ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ፊደል አልወጣችም።

ፍሬው ወደ አቢጋኤል ጆሮ ጠጋ አለና «ኧረ ሼም ነው፣ ተይው በቃ» ብሎ አንሾካሾከ።

ኮምፒዩተሩ ወዲያው «ኧረ ሼም ነው ተይው በቃ» ብሎ ጻፈ። አንድ ፊደል ሳያጓድል። አቢጋኤል ደንግጣ አጠፋችው።

ማይኩን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ረዳት እጅ የላከው አጎቷ ዘርአብሩክ ነው። ተራ ማይክ አይደለም። እንደ ማስመሪያ ረዘም ያለ ጥቁር ዕቃ ነው፤ ፊቱ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ ከየቀዳዳው ጀርባ አንድ አንድ ማይክ ተቀምጧል፤ ሁሉም ተባብረው ነው የሚሰሙት። «አንድ ጆሮ አይደለም፣ ብዙ ጆሮ ነው» ብሏት ነበር አጎቷ በስልክ። «የሚናገረውን ሰው ለይቶ ይሰማል። የባጃጁን ጥሩምባ፣ የጎረቤቱን መዝሙር ይተወዋል። ስክሪኑ አናት ላይ አድርጊው። ግድግዳ አታስጠጊው። ከሚናገረው ሰው አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።»

አቢጋኤል ያለውን ሁሉ አድርጋለች። ጠረጴዛውን ከግድግዳ አላቃ ሳሎኑ መሃል አመጣችው። ስክሪኑን ወደ ራሷ አዙራ፣ ማይኩን አናቱ ላይ ሰካች። በስልኳ ዳታ ከፈተች። የምትጽፈው፣ የምታርመው፣ ያልተጻፈውን የምታየው እሷ ስለሆነች በርጩማዋን ስክሪኑ ፊት አደረገች፤ ጀርባዋ ወደ በሩ ሆነ። እማማ ባፈና ደግሞ ሁልጊዜ በሚቀመጡበት ተቀመጡ፤ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ ከውስጠኛው ግድግዳ ሥር፣ በሩን ፊት ለፊት በሚያየው ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ። ያ ወንበር የቤቱ ታላቅ ወንበር ነው። ልጅ አይቀመጥበትም፤ ድመቷ እንኳ ታውቃለች። ልጅ ከአያቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ መቀመጥም ነውር ነው፤ አሮጊትን ከወንበሯ አስነስቶ ወደ በር ማውጣት ደግሞ ከነውርም ነውር ነው። ስለዚህ እሳቸው በዚያ በኩል፣ ልጆቹ በዚህ በኩል፣ ጠረጴዛው መሃል ሆነ። ማንም ይህን ቁጭ ብሎ አላሰበበትም። እንዲሁ ነው የሚደረገው።

ሁለቱ ልጆች መጀመሪያ ሞክረውት ሠርቷል። ፍሬው ከጂኦግራፊ መጽሐፉ አንድ ገጽ አነበበ፤ ኮምፒዩተሩ ከነነጠላ ሰረዙ ቀዳው። አቢጋኤል የእሁዱን መዝሙር ግጥም አነበበች፤ እሱንም ጻፈ። እማማ ባፈና ሲናገሩ ነው የሚደነቁረው።

«አሁን ነቃሁ» አለ ፍሬው፣ ጣቱን አንጣጥቶ። «ዕቃው ጤነኛ ነው። አክሰንት ነው ችግሩ።»

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ እማማ ባፈና።

ፍሬው ለደግነት ብሎ ነው የመለሰው፤ በደግነት የሚጎዳ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። «አማርኛዎ ሀዲይኛ ሀዲይኛ ይላል ማለቴ ነው፣ እማማ። ማሽኑ የለመደው የአዲስ አበባውን ነው።»

እማማ ባፈና እሱን አላዩትም። የልጅ ልጃቸውን አዩ። «እንደሱ ነው?»

አቢጋኤል ግራ ገባት። ማይኩ እሷን ሰምቷል፤ ፍሬውን ሲያንሾካሹክ እንኳ ሰምቷል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? «እንደዚያ ይመስለኛል» አለች። «አማርኛዎን... አልለመደውም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

እማማ ባፈና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «በዚህ አማርኛ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የቅቤ ነጋዴ ተከራክሬ አሸንፌያለሁ። በዚህ አማርኛ ዳኛ ፊት ቆሜ ይህን ቦታ አስከብሬያለሁ። እናትሽ አስተማሪ የሆነችው በዚህ አማርኛ ‹ልጄን መዝግቡልኝ› ብዬ ለምኜ ነው።» ከዚያ ተነሱ። የቴሌቪዥኑን ዳንቴል አንስተው ኮምፒዩተሩን ከነማይኩ ሸፈኑት። «ሰይፈሥላሴን ጥሪልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ።»

አቢጋኤል የሰይፈሥላሴ መጠራት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

አቶ ሰይፈሥላሴ ማመልከቻ ጸሐፊ ናቸው፤ ለዚህ ሰፈር ሁሉ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ጽሑፋቸውም ያማረ ነው፤ ችግሩ ማማሩ ነው። ባለፈው ክረምት የሰፈሩ የመንገድ ኮሚቴ የውሃ መውረጃውን ቦይ ወደ እማማ ባፈና እንሰት ሲያዞረው፣ እማማ ባፈና እኚሁን ሰውዬ ጠርተው ተናገሩ። ያሉት እንዲህ ነው፦ «ውሃችሁን ወደ እንሰቴ አትላኩ። ወደ ወንዙ መልሱት። ካልሆነ እንሰቴን ነቅዬ ስብሰባችሁ መሃል እተክለዋለሁ።» አቶ ሰይፈሥላሴ ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጻፉ፣ እማማ ባፈና አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ኮሚቴው አንብቦ «እናመሰግናለን፣ እንተባበራለን» አለ። ቦዩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ነገሩ የታወቀው የአቢጋኤል እናት ሳባ ከጊምቢቹ ስትመጣ ነው። ሳባ እዚያ ታስተምራለች፤ የምትመጣው በየሁለት ሳምንቱ ነው። ግልባጩን አነበበችላቸው። «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ» ይላል።

«ትሕትና?» ብለው ነበር እማማ ባፈና። «ትሕትና ያልኩት መቼ ነው?»

አሁን ኮሚቴው ቦዩን በድንጋይ ሊገነባው ነው። አንዴ ከተገነባ አይፈርስም። ቃል ያለው ሰው እስከ ሰኞ በጽሑፍ ያቅርብ ተብሏል። ዘርአብሩክ ማይኩን የላከው ለዚህ ነው፤ እናቱ ያሉትን፣ እንዳሉት፣ ማንም ሳያሳምረው እንዲጻፍ።

በማግስቱ እማማ ባፈና አማርኛ ተዉ።

አኩርፈው ቢሆን አቢጋኤል ታውቀው ነበር፤ የአያቷ ኩርፊያ ድስት እያንኳኳ ነው የሚመጣው። ይሄ ሌላ ነው። በቤት ውስጥ በሀዲይኛ እንደ ወትሮው ያወራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይቀልዳሉም። ከደጅ ሲወጡ ግን አፋቸው ይዘጋል። ገበያ ላይ ሽንኩርት ሻጯ «እማማ ባፈና፣ ዛሬስ አይከራከሩኝም?» ስትላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና አቢጋኤልን በክርናቸው ገፋ አደረጓት። አቢጋኤል ተከራከረች። መጥፎ ተከራካሪ ናት፤ ሻጯ እንኳ አዘነችላት። ለባጃጁ ልጅ «ቀስ ብለህ ንዳ» የምትለው አቢጋኤል ሆነች። ለጎረቤት «እንደምን አደራችሁ» የምትለው አቢጋኤል ሆነች። ባጃጁ ውስጥ እማማ ባፈና በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየቻቸው። አንድ የአማርኛ ቃል ነበር፤ ደጋግመው ለራሳቸው ይሉታል፣ ያዳምጡታል፣ እንደገና ይሉታል። ስታያቸው ዝም አሉ።

አቢጋኤል ይህን ታውቀዋለች። ሰባተኛ ክፍል ሳለች ክፍል ውስጥ ስታነብ ሁለት ልጆች ከኋላ አነጋገሯን ቀድተው ሳቁባት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መስታወት ፊት ቆማ እንደ ዜና አንባቢዎች መናገር ተለማመደች። ታጥቦ የተተኮሰ አማርኛ አወጣች። አሁን ማይኩ እሷን ሰምቶ አያቷን ሲተው፣ ከውስጧ ትንሽ ነገር ደስ ብሎት ነበር። ደስ ማለቱን ስታውቅ ደግሞ በራሷ አፈረች።

ያን ዕለት ከሰዓት ዝናብ ጣለ። እማማ ባፈና የጎማ ጫማቸውን አድርገው፣ ዶማ ይዘው ወጡ። የቦዩ ጎርፍ ቡናማ ሆኖ በእንሰቱ መሃል ይወርዳል፤ የትልልቆቹ እንሰቶች ሥር ተራቁቶ ይታያል። አሮጊቷ እየቆፈሩ ውሃውን ወደ ጎን ይመልሱታል፤ ውሃው ዞሮ ይመጣል። አቢጋኤልም አካፋ ይዛ ወጣች። አብረው ሠሩ፣ በሀዲይኛ እየተነጋገሩ። ስለ ማይኩ ማንም አላነሳም።

ጫማዋን ስታጥብ ስልኳ ጮኸ። ዘርአብሩክ ነበር።

«እንዴት ሆነ ማይኩ?»

«አልሰማቸውም።»

«ስክሪኑ ላይ አድርገሽዋል?»

«አዎ።»

«ግድግዳ አልነካም? ማራገቢያ ነገር አጠገቡ የለም?»

«የለም። ያልከውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ፍሬው አክሰንታቸው ነው አለ። የሀዲያ አማርኛ አይሰማም አለ።»

አጎቷ ሳቀ፤ ግን ብዙም የደስታ ሳቅ አልነበረም። «አቢ፣ እኔ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በእንደሱ ዓይነት ማይክ ነው የምሠራው። የኔ አማርኛ የማን ነው?»

አቢጋኤል ስልኩን ይዛ ቆመች። የአጎቷ አማርኛ የአያቷ አማርኛ ነው። አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ኖሮ አንዲት ድምፅ አልለወጠም፤ ዘመዶቹ የሚቀልዱበትም በዚህ ነው።

«አንተን ይሰማሃል?»

«ሳል ሲይዘኝ ሳይቀር። እንግዲህ እዚያ ቤት ምን እንዳለ እኔ እንጃ» አለና የሚጠራው ሰው ስለነበር ዘጋው።

አሁን የባሰ ግራ ገባት። አክሰንቱ ካልሆነ፣ ዕቃው ካልሆነ፣ ምንድን ነው? አያቷን ለይቶ የሚጠላ ማይክ አለ?

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። እማማ ባፈና ከቤተ ክርስቲያን የሴቶች ጸሎት ገና አልተመለሱም። አቢጋኤል ዳንቴሉን ገፈፈች። በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፣ ኮምፒዩተሩን ከፈተች፣ በሩን አየችና እንደ አያቷ ተናገረች። ቀልድ አልነበረም። ቃሉን እንደሳቸው አጠበቀች፣ እንደሳቸው ረገጠች፣ እንደሳቸው ቆረጠች፦ «ውሃችሁን ወደ እንሰቴ አትላኩ።»

ኮምፒዩተሩ ጻፈው። ሙሉውን።

እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ጻፈው። አነጋገሩ ያው ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ? ጠረጴዛውን ዞር ብላ ቃኘች። ስክሪኑ ያው፣ ማይኩ ያው፣ ቤቱ ያው። ከጠረጴዛው ወዲያ ወንበሩ ባዶውን ቆሟል።

በሩን እንደገና አየች። ከዚያ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ሄዳ በአያቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ላይ የሚታየው የስክሪኑ ጀርባ ነው፣ ገመድ ነው፣ የማይኩ ጀርባ ነው። ለስላሳ ጥቁር ጀርባ፣ አንድ ቀዳዳ የሌለው።

መስታወት ፊት በተማረችው በታጠበው አማርኛዋ፣ ጮክ ብላ፣ የእሁዱን መዝሙር ግጥም አለችው። ተነስታ ሮጣ ስክሪኑን አየች።

«ሰው» ይላል። ከዚያ ባዶ።

«አንቺ!» ፍሬው በሩ ላይ ቆሟል። «ወንበሯ ላይ ነበርሽ አይደል? አየሁሽ። ዛሬ አለቀልሽ።»

«ዝም በልና ና» አለችው። «እዚያ ተቀመጥ።»

«አብደሻል? እኔማ መሞት አልፈልግም።»

«እሺ አትቀመጥ። አጠገቡ ቁምና ተናገር።»

ፍሬው ከወንበሩ ጎን ቆሞ ስሙን፣ የክፍሉን ቁጥር፣ የሚደግፈውን ቡድን ተናገረ። ከዚያ የማይኩን ጀርባ አየ፣ ወንበሩን አየ፣ ስክሪኑ ፊት ያለውን በርጩማ አየ። አፉ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ማይኩ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ለይቶ ይሰማል፤ ከኋላው ያለውን እንደ ባጃጅ ጫጫታ ይተወዋል። ዘርአብሩክ ‹የሚናገረው ሰው› ሲል ስክሪኑ ፊት የተቀመጠውን ሰው ማለቱ ነበር፤ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ሌላ የሚቀመጥበት የለም። እዚህ ቤት ግን ስክሪኑ ፊት የተቀመጡት ልጆቹ ናቸው። እማማ ባፈናን አክብረው፣ ጆሮ ከሌለው ጀርባ አስቀምጠዋቸዋል።

«ቀሽሞች ነን» አለ ፍሬው።

አቢጋኤል ማይኩን ከስክሪኑ አናት ነቅላ አዞረችው። ቀዳዳዎቹ ወደ ወንበሩ ሆኑ። ፍሬው ከዚያው ሆኖ ተናገረ፤ ተጻፈ። ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ማዞር።

«ስሚ» አለ ፍሬው በኋላ። «ነገ ‹አፕዴት አደረግነው› በያት። ‹አሁን የሀዲያ አማርኛ ተማረ› በያት። ደስ ይላታል፣ ትናገራለች፣ ይጻፋል፣ አለቀ።»

«ግን አልተማረም። ድሮም ያውቅ ነበር።»

«ማን ይነግራታል? የምታነቢላት አንቺ ነሽ። ያልሻትን ነው የምታምነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ አክሰንት ያልኩት እኔ ነኝ። አባቴ ይሄን ቢሰማ... ሙድ አይደለም፣ አቢ። የምሬን ነው።»

የነገራት ሁሉ ልክ ነበር። አፕዴት ብትል አያቷ ይናገራሉ፣ የቦዩ ጉዳይ ይጻፋል፣ ፍሬው አይነካም፣ እሷም አትነካም። አንድ ነገር ብቻ ይተርፋል፦ እማማ ባፈና አማርኛቸው ጎድሎ እንደነበር፣ ማሽን መጥቶ እንዳዘነላቸው አምነው ይኖራሉ። ያንን ደግሞ ማንም አያይም። ዳንቴሉን መልሳ አለበሰችው።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ሰይፈሥላሴ መጡ። ጫማቸውን ደጃፉ ላይ ጠረጉ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «ወይዘሮ ባፈና፣ እንደምን ሰነበቱ?»

እማማ ባፈና ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ፍሬውም መጥቷል፤ ማንም አልጠራውም። በሩ መቃን ላይ ተደግፎ አቢጋኤልን ያያታል። «አፕዴት» አለ ከንፈሩ፣ ያለ ድምፅ።

አቶ ሰይፈሥላሴ ወረቀት አወጡ። «እንግዲህ ስለ ቦዩ ነው፣ አይደል? እርስዎ አይድከሙ፣ ነገሩን አውቀዋለሁ። ባለፈው የጻፍነውን ትንሽ አጠንክረን...»

ያቺ ለቅቤ ነጋዴ ያልተሸነፈች ሴት፣ ሌላ ሰው ቃሏን ሲጀምርላት ቁጭ ብላ ታያለች።

አቢጋኤል ተነሳች። በሀዲይኛ ልትለው ፈልጋ ነበር፤ በሀዲይኛ ብትለው እንግዳውም ፍሬውም አይሰሙም፤ ነገሩ በቤተሰብ ይቀራል። ግን ያን ዕለት የተባለው በአማርኛ ነው።

«እማማ» አለች በአማርኛ። «ያን ዕለት ስለ አማርኛዎ የነገርኩዎት ልክ አልነበረም።»

እማማ ባፈና ዞር አሉ።

«ማይኩን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ጆሮው ወደኔ ነበር። እርስዎን ከጀርባው ነው ያስቀመጥኩዎት። ትናንት እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተናገርኩ፤ እኔንም አልሰማኝም።»

«ወንበሬ ላይ ተቀመጥሽ?»

«አዎ።»

ፍሬው ዓይኑን ጨፈነ።

«አዞርኩትና ሰማ» አለች አቢጋኤል። «ምንም አልተማረም፤ አልተለወጠም። ድሮም ይሰማዎት ነበር። አማርኛዎ ምንም አልጎደለውም።»

«አክሰንት ያልኩት እኔ ነኝ፣ እማማ» አለ ፍሬው ከበሩ፣ ለራሱም ገርሞት።

አቶ ሰይፈሥላሴ እስክሪብቶአቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

«ስለዚህ» አሉ አሮጊቷ በመጨረሻ፣ በአማርኛ፣ «ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው እንጂ እኔ ምንም አልሆንኩም።»

«አዎ።»

«ጀርባውን ያዞርሽብኝ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔ ደግሞ በባጃጅ ውስጥ አንዲት ቃል እየደጋገምኩ እለማመዳለሁ፣ እንደ ሕፃን።» ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ እንደገና ለበሱት፣ በደንብ። «ሽንኩርት ሻጯም ጉድ ሠራችኝ። ያን የሚያህል ዋጋ ተከፍሎ አያውቅም።» ወደ ፍሬው ዞሩ። «አንተ፣ በሩን ትተህ ግባ። ብርዱ ገባ። ሌላ ጊዜ ስለማታውቀው ነገር ስትናገር በሀዲይኛ ተናገር፤ ቢያንስ አጭር ይሆናል።»

አቶ ሰይፈሥላሴ ቦርሳቸውን አንስተው ሊነሱ ሲሉ እማማ ባፈና በእጃቸው መለሷቸው። «ወዴት ነው? ቁጭ በልና አድምጥ። ባለፈው አላዳመጥክም።»

አቢጋኤል ዳንቴሉን ገፈፈች። ማይኩን ነቅላ አዞረችው፤ ቀዳዳዎቹ የአያቷን ፊት አዩ። በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ከስክሪኑ በላይ የሚታያት የእማማ ባፈና ግንባርና ዓይን ብቻ ነበር።

እማማ ባፈና ተናገሩ። አልጮኹም። «እኔ ባፈና ነኝ። ይህ እንሰት ከአማቴ የወረስኩት ነው። ውሃችሁን ወደ እንሰቴ አትላኩ። ወደ ወንዙ መልሱት። ካልሆነ ነቅዬ ስብሰባችሁ መሃል እተክለዋለሁ፤ ስትሰበሰቡ ጥላ ይሆናችኋል።»

ፊደሎቹ ተከታትለው ወጡ። ከአግዳሚው አቶ ሰይፈሥላሴ ወደ ስክሪኑ አንገታቸውን አስግገው አነበቡ፤ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አሁን ግን ከልባቸው።

«ምን አለ?» አሉ እማማ ባፈና።

አቢጋኤል አነበበች። ውሃው አለ። ወንዙ አለ። ጥላው ሳይቀር አለ። ከአማታቸው የወረሱት የሚለው ግን የለም፤ በዚያች ቅጽበት አንድ ጋሪ በደጅ አልፎ ነበር፣ ምናልባት እሱ ይሆናል። ኮሚቴው አይፈልገውም። ማንም አያስተውለውም። አቶ ሰይፈሥላሴም አላስተዋሉም። «ሁሉንም ጽፎታል» ብትል ያበቃል።

ከስክሪኑ በላይ የአያቷ ዓይኖች ይጠብቃሉ።

«አንድ ነገር ቀርቶታል» አለች። «ከአማትዎ የወረሱት የሚለው።»

እማማ ባፈና ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ።

«እንግዲያው» አሉ፣ «እንደገና እላለሁ።»